ታወሩን አዋህዱልን፣ ባለቤቶቹ ግን ለየብቻ ይሁኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ባህር ዳር ግሽ አባይ አካባቢ ካርድና ሲም የምሸጥ፣ ቻርጀርና ከቨር የማስቀምጥ፣ በስልክ ብር የሚላክባቸው የቴሌብርም የኤምፔሳም ወኪል የሆንኩ ሴት ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ስልክ፣ ደጄ ላይ ሁለት ጃንጥላ አለ፣ ሰው መጥቶ ገና ሰላም ሳይለኝ የምጠይቀው «የ09 ነው የ07?» ብዬ ነው፣ 09 የኢትዮ ቴሌኮም፣ 07 የሳፋሪኮም ማለት ነው። ይሄን የነገርኳችሁ ከየት ሆኜ እንደምጽፍ እንድታውቁት ነው እንጂ ኤክስፐርት አይደለሁም።

ስለ እንግሊዞቹ የስልክ ድርጅቶች ስለ ቮዳፎንና ስሪ ውህደት ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ ይዞት መጥቶ እዚሁ ደጄ ላይ ጮክ አርጎ አነበበው። ጽሁፉ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከላይ እስከ ታች ስለ ባለሀብቶቹ ነው፣ ቮዳፎን 51 ከመቶ፣ የሆንግ ኮንጉ የስሪ ባለቤት 49 ከመቶ፣ በ10 ዓመት 11 ቢሊዮን ፓውንድ ኢንቨስት ምናምን። ደንበኛውስ ምን አለ ለሚለው ሁለት መስመር እንኳን አልደረሰውም። እኔ ደሞ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ደንበኛ የሚለውን ነው፣ እና ጋዜጣው ተነቦ ሲያልቅ ወሬው ወደኛ ዞሮ «የኛዎቹስ ቢዋሃዱ?» ተባለና እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። ልጽፍላችሁ የፈለኩት ያንን ጭቅጭቅና እኔ ከሱ የያዝኩትን ሀሳብ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ እዚህ አገር ሁለቱ ሊዋሃዱ ነው ያለ ማንም የለም፣ እኔም እያልኩ አይደለም። ደብዳቤዬን ግማሹን አንብቦ «ባህር ዳር ላይ እንዲህ ተባለ» ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ እንዳይኖር አደራ፣ ነገ ሰው ሁሉ ሲሙን ይዞ እኔ ሱቅ ነው የሚሰለፈው።

ደሞ የእንግሊዝ ወሬ ለኛ ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ቮዳፎን የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም ዋና ባለድርሻ ነው፣ ቮዳኮም ደግሞ በ2013 ግንቦት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የኢትዮጵያን ፈቃድ በወሰደው የሳፋሪኮም ጥምረት ውስጥ ከጃፓኑ ሱሚቶሞና ከሌሎች ጋር አለበት። ኤምፔሳ ራሱ እ.ኤ.አ በ2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀመር ቮዳፎን እጁ ነበረበት። ስለዚህ ለንደን ላይ አንድ የሆኑት ሰዎች ዘመዶቻቸው እዚህ ደጄ ላይ በጃንጥላ መልክ ቆመዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። መጀመሪያ ያነሳው አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። እሱ ዳታውን በ07 ነው የሚጠቀመው፣ ተሳፋሪዎቹ ግን የሚያውቁት የ09 ቁጥሩን ስለሆነ እሱንም መጣል አይችልም፣ ስለዚህ ሁሌ ሁለት ጥቅል ይገዛል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተርፋል፣ የተረፈው ደሞ ቀኑ አልፎ ይቃጠላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ አንድ ቢሆኑልኝ አንድ ጥቅል ገዝቼ እገላገል ነበር፣ ወጪዬ በግማሽ ይቀንሳል» አለ። አጠገቡ የቆሙ ጋሼ፣ ጡረተኛ ናቸው፣ ሳቁና «ልጄ፣ ግማሽ ማን አለህ፣ ሁለቱን ደምረው ነው የሚያስከፍሉህ፣ ያኔ ደሞ ወዴት ትሄዳለህ?» አሉት። ሌላው ሰው ያወራው ሁሉ ከዚህ ከሁለቱ አንዱን መደጋገም ነበር ማለት ይቻላል።

ፔዳ ግቢ የሚማር አንድ ተማሪ ግን የተናገረው ነገር እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። «እኛ እኮ ውህደት ምን እንደሚመስል ከዓለም ሁሉ በላይ እናውቃለን፣ እ.ኤ.አ ከ1894 ጀምሮ፣ ከምኒልክ ዘመን ማለት ነው፣ አንድ ድርጅት ብቻ ነበረን፣ እሱ ስሙን እየቀያየረ እዚህ ደረሰ» አለ። እውነቱን ነው። ሌላው አገር ከአራት ወደ ሦስት ወረድን ብሎ ይጮሃል፣ እኛ ከአንድ ወደ ሁለት የወጣነው ገና በ2015 መስከረም ሳፋሪኮም በይፋ ስራ ሲጀምር ነው፣ በዚያው ሰሞን ባህር ዳርም ገባ። እኛ ጋ ሁለቱ ተዋሃዱ ማለት ውድድር ቀነሰ ማለት አይደለም፣ ውድድር የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለት ነው፣ ወደነበርንበት ተመለስን ማለት ነው።

ጋዜጣውን ያመጣው አስተማሪ ደሞ አሳቀን። እሱ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 መጀመሪያ አክሲዮን ሲሸጥ ገዝቷል፣ ትንሹ 33 አክሲዮን ነበር፣ አንዱ 300 ብር፣ በድምሩ 9,900 ብር፣ በቴሌብር ነው የተገዛው። «እንደ ደንበኛ ስሆን እፈራለሁ፣ እንደ ባለአክሲዮን ስሆን ደሞ ቢዋሃዱ ደስ ይለኛል፣ ተፎካካሪ የሌለው ድርጅት ትርፉ ይጨምራላ» አለ። ሰውየው ሁለት ሰው ሆኖ እርስ በርሱ ሲከራከር ነበር። እንግዲህ ያኔ ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮኑ ነው፣ የገዛውም 47 ሺህ ምናምን ሰው ነው፣ ስለዚህ እንደሱ በሁለት ልብ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም፣ አብዛኛው ህዝብ ደንበኛ ብቻ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ግን የጀልባ ነጂው ነው። እሱ ጣና ላይ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ሰው ያመላልሳል፣ ገዳም ተሳላሚም ቱሪስትም፣ ሁለት ስልክ አለው፣ ሁለቱንም በላስቲክ ጠቅልሎ ባንድ ገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላቸዋል። ከወደብ ሲነሳ ሁለቱም ይሰራሉ፣ ሀይቁ መሃል ሲገባ አንዱ ይጠፋና ሌላው ይቀራል፣ ትንሽ ከሄደ ደሞ የጠፋው ይመጣና የነበረው ይጠፋል፣ የቱ የት ቦታ እንደሚይዝ በቃሉ ያውቀዋል፣ እንደ አሳ አጥማጅ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሳ ወደ ባህር ዳር ደውሎ «ሰዎቹን ደቅ አሳድራቸዋለሁ» ለማለት አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ወደ ላይ ከፍ እያረገ የኔትወርክ ባር ይፈልጋል፣ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጀልባው ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ባንድ እጁ ሞተሩን ይዞ በሌላው እጁ ስልክ ሲያፈራርቅ። እና እሱ ምን አለ መሰላችሁ፣ «እህቴ፣ ለኔ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ግድ የለኝም፣ ማዕበል ሲነሳ ያለው ታወር ሁሉ የያዝኩትን ስልክ ይቀበለው፣ ሌላውን እነሱ ይጨቃጨቁበት»።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ውህደት ነው የጠየቀው። ግን የጠየቀው የታወሩን ውህደት ነው። እኛ ደንበኞች ውህደት ሲባል የሚያጓጓን ያ ነው፣ ባንድ ሲም ሁለት ኔትወርክ። ባለሀብቶቹ ውህደት ሲሉ የሚያጓጓቸው ሌላ ነው፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ የሚከፈል ሰራተኛ። ሁለቱን ባንድ ከረጢት አስረው ስለሚያመጡልን እንምታታለን። የመጀመሪያውን ለማግኘት ሁለተኛውን መቀበል ግድ ነው ወይ? የኔ መልስ ግድ አይደለም ነው።

የሀገር ውስጥ ሮሚንግ የሚባል ነገር አለ። እናንተ ዱባይ ስትሄዱ ሲማችሁ የዱባይን ኔትወርክ ይዞ እንደሚሰራው ማለት ነው፣ አገር ውስጥ ይሁን ነው። የአንዱ ታወር በሌለበት ቦታ ሲሙ ራሱ በሌላው ታወር ይገባና ሂሳቡን ሁለቱ ድርጅቶች ከጀርባ ይተሳሰባሉ። ለዚህ ስምምነትና የሚያስገድድ ተቆጣጣሪ ነው የሚያስፈልገው፣ ካምፓኒ መሸጥ መለወጥ አያስፈልገውም። ደሞ የኛዎቹ ለዚህ አዲስ አይደሉም፣ ሳፋሪኮም ከመጀመሪያው የኢትዮ ቴሌኮምን ታወርና ፋይበር እየተከራየ ነው የገባው፣ ከ09 ወደ 07 ስትደውሉም ጥሪው በስምምነት ነው የሚሻገረው። ሳይጋቡ አንድ ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ማዕድ ቤቱን ከተጋሩ ሳሎኑን መጋራት ምኑ ያቅታል።

አንዱ አሁን ተነስቶ «ታወር መትከል እኮ ብዙ ብር ነው፣ ሌላው በነጻ ከተጠቀመበት ማን ይተክላል?» ይለኝ ይሆናል። በነጻ አላልኩም፣ ይክፈል። ደሞ ግሽ አባይ ላይ አይደለም ሮሚንግ የምለው፣ እዚህ ሁለቱም አሉ፣ እዚህ ይፎካከሩ፣ ይናደፉ። የምለው ደቅ ላይ ነው፣ ሀይቁ መሃል ላይ ነው፣ ለጥቂት ሺህ ሰው ሁለት ታወር ጎን ለጎን መትከል የማያዋጣበት ቦታ ላይ ነው።

የውጪውን ታሪክ ካነሳችሁት ላይቀር እስቲ ደንበኛው ምን እንዳረገ እንየው፣ የውጪዎቹ ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ህንድ አገር ቮዳፎንና አይዲያ እ.ኤ.አ ነሐሴ 2018 ተዋሃዱ፣ ከ400 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ይዘው ባገሩ አንደኛ ሆኑ፣ ያኔ ጋዜጣ ሁሉ ግዙፍ ግዙፍ ይል ነበር። ከዛ ደንበኛው ምን አረገ፣ ቁጥሩን እንደያዘ ወደ ጂዮና ወደ ኤርቴል ጥርግ ብሎ ሄደ፣ አሁን የቀረላቸው ግማሹ ያህል ነው። ይሄን ማድረግ የቻለው ህንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ቁጥር ሳይቀይሩ ድርጅት መቀየር በመላ አገሪቱ ስለተፈቀደ ነው። ጋናም ኤርቴልና ቲጎ በ2017 አንድ ሆኑና አልሆነላቸውም፣ በ2021 ድርጅቱ ለጋና መንግስት የተላለፈው በአንድ ዶላር ነው፣ አንድ ዶላር! ሱቄ ውስጥ በዛ ዋጋ የሚሸጥ ጥሩ ቻርጀር የለም። ኬንያዎቹ ኤርቴልና ቴልኮም ደሞ በ2019 እንጋባ ብለው በ2020 ተዉት።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከተዋሃዱት የአንዱ ደንበኛ ነበረች፣ ምን ተሰማሽ ብያት «ስክሪኔ ላይ ያለው ስም ተቀየረ፣ ቁጥሬ ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ብዙም አልገረመኝም» ነው ያለችኝ። እዛ ቲ-ሞባይል ስፕሪንትን በ26 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ የያዘው እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2020 ነው። ለ3 ዓመት ዋጋ አንጨምርም ብለው ለመንግስት ቃል ገብተው ነበር፣ 3 ዓመቱ አለፈ፣ በ2024 በድሮ ጥቅል ላይ የቆዩት ደንበኞች ላይ ጭማሪ መጣ። ቃሉ አልፈረሰም፣ ጊዜው ነው ያለፈው። የስፕሪንት አሮጌው ኔትወርክ ሲዲኤምኤ የሚባለው ነበር፣ እኛ የምናውቀው የገጠር ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ በነበረው ስልክ ነው፣ እሱ በ2022 ሲዘጋ አሮጌ ስልክ የያዘ ሁሉ ስልክ መቀየር ግድ ሆነበት። እዛ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ እኔ ሱቅ ግን በየሳምንቱ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ የሚያስጠግኑ እትዬዎች አሉ፣ ስልክ ቀይሪ ማለት ለነሱ በግ ሽጪ ማለት ነው።

እንግሊዞቹ ላይም የውድድር ተቆጣጣሪያቸው እ.ኤ.አ መስከረም 2024 ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ዋጋ ሊወደድበት ይችላል ብሎ ነበር፣ በኋላ ታህሳስ ላይ ነው ኔትወርኩን በ8 ዓመት እንዲያሻሽሉ፣ አንዳንድ ታሪፎችን ለ3 ዓመት እንዳይነኩ አስገድዶ የፈቀደው። እነዛ ሰዎች ከውህደቱ በኋላ እንኳን ሌሎች ሁለት ትልልቅ ድርጅቶችና ኔትወርክ ተከራይተው የሚሰሩ ትንንሾች አሏቸው፣ ቁጥራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ይሄ ሁሉ እያለላቸው ነው ፈርተው የነበረው። እኛስ? እኛ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው የምንሆነው።

ቁጥር ያልኩት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዲት እናት አሉ፣ ልጃቸው አረብ አገር ነው፣ ቁጥራቸውን ለረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞሉበት ቀሩና ተዘጋ፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም፣ ሊያስከፍቱ ሲሄዱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባሉ። ልጅቷ ስትደውል የማታውቀው ወንድ ያነሳል። እዚህ ሱቅ መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀምጠው «ልጄ ሞታለች ብላኝ ይሆናል» ብለው ሲያለቅሱ አዲስ ሲም አውጥቼ መስጠት ምን ያደርጋል? በጎረቤት በኩል እስክትገኝ ድረስ ሰነበቱ። ለሰው ቁጥሩ ቤቱ ነው፣ ባንኩ እዛ ላይ ነው፣ ቴሌብሩ እዛ ላይ ነው፣ እድሩ የሚደውለው እዛ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ድርጅቱን ቢጠላ እንኳን ቁጥሩን ጥሎ አይሄድም፣ ሁለተኛ ሲም ይጨምራል እንጂ። እኔ ሲም በመሸጥ የምኖር ሴት ነኝ፣ ሰው ቁጥሩን ሳይቀይር ድርጅት መቀየር ከቻለ የምሸጠው ሲም ይቀንሳል፣ እያወቅኩ ነው የምለው።

ኮሚሽኔ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ አዎ፣ ሁለት መሆናቸው ለኔ ይጠቅመኛል። ሁለቱ ለደንበኛ ሲፎካከሩ ለወኪልም ይፎካከራሉ፣ አንዱ ጃንጥላ ሲያመጣ ሌላው ወንበር ያመጣል፣ አንዱ ሲኮራ ወደሌላው ዞር እላለሁ። አንድ ቢሆኑ ማንም ወደ ሱቄ አይመጣም፣ እኔ ነኝ ደጅ የምጠናው። ይሄን ደብቄ ለህዝብ ብዬ ነው ብል ማንም አያምነኝ።

ግን ሁለት መሆን ሁሉን ይፈታል የሚሉትም አያሳምኑኝም። ዋጋ ትልቁን ቅናሽ ያየው ተፎካካሪ ሳይመጣ ነው፣ በ2010 ነሐሴ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪውንም የዳታውንም ታሪፍ በ40 ከመቶ አካባቢ ሲቀንስ ሳፋሪኮም ገና የለም፣ ማለት ባለቤቱ ሲፈልግ ብቻውንም መቀነስ ይችላል። ደሞ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ክልላችን ላይ ዳታ ሲቋረጥ 09ም 07ም እኩል ነበሩ፣ ሁለት ሲም ያለውም አንድ ሲም ያለውም አብሮ ነው የተቀመጠው። ኤምፔሳ ነሐሴ ላይ በይፋ ተጀመረ ሲባል እኛ ዜናውን የሰማነው በሬዲዮ ነው፣ ያኔ እዚህ ከተማ ብር የሚላከው ያለ ዳታ በሚሰራው የቴሌብር ኮድ፣ ኮከብ 127 መሰላል እየተነካ ነበር፣ አፕ የሚባለውን የረሳ ሁሉ ነበር። ያ የድርጅቶቹ ጉዳይ አይደለም፣ የውድድር ጉዳይም አይደለም፣ ግን የባህር ዳር ሰው ስለ ኔትወርክ አውርቶ እሱን ሳይጠቅስ ቢያልፍ ሰዉ ይታዘበኛል።

አንዳንዱ ደሞ የባንኩን ያነሳል። የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ከንግድ ባንክ ጋር ሲጠቃለል ምን ሆነ፣ ደንበኛው ደብተሩን ቀየረ በቃ አለቀ ይላሉ። አዎ፣ ግን ያኔ ንግድ ባንክን ያልወደደ ሰው መንገዱን ተሻግሮ አስር የግል ባንክ ነበረለት። ይሄኛው ከዛ ጋር አይገናኝም።

እንግዲህ ጭቅጭቁ እንዴት አለቀ ብትሉኝ አላለቀም፣ መብራት ጠፋና ሰው ተበተነ። ባጃጁ ልጅ አሁንም አንድ ይሁኑ ባይ ነው፣ ጋሼም እንደዛው በአቋማቸው አሉ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ልጁ የሚፈልገው አንድ ኔትወርክ ነው፣ ጋሼ የሚፈሩት አንድ ባለቤት ነው፣ አይጋጭም።

ስለዚህ ለናንተ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። እናንተ ጋዜጠኛ ናችሁ፣ እኛ ብንደውል አንሰማም፣ እናንተ ግን በአዋጅ ቁጥር 1148 በ2011 የተቋቋመውን የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሰው ቁጥሩን እንደያዘ ከ09 ወደ 07፣ ከ07 ወደ 09 መዘዋወር በተግባር የሚጀምረው መቼ ነው በሉልን፣ እኔ እስካሁን ሱቄ ውስጥ እንዲህ ያረገ ደንበኛ አላየሁም። ካርድ ሳይሞላ የቆየ ቁጥር ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ባለቤቱ የሚነገረው እንዴት ነው፣ በሚሴጅ ከሆነ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችስ? እና ደቅ ላይ፣ ዘጌ ላይ፣ የጀልባ መንገዱ ላይ የሀገር ውስጥ ሮሚንግ ቢያስጀምሩ ምን ይከለክላቸዋል? ብር ነው ካሉም ስንት እንደሆነ ይንገሩን፣ መንገደኛው ጀልባ ሲሳፈር ጨምሮ ይከፍል እንደሆነ ነጂውን እጠይቅላችኋለሁ።

ስለ ውህደት ድጋሚ የምትጽፉ ከሆነም እባካችሁ ከባለ 51 ከመቶውና ከባለ 49 ከመቶው ቀጥላችሁ አንድ ካርድ የሚሞላ ሰው ጠይቁ። አዲስ አበባ ካጣችሁ እዚህ ብቅ በሉ፣ ወንበር አለ፣ ማን እንደሰጠኝ ግን አልናገርም።

ከአክብሮት ጋር
የካርድና የሲም ሻጯ፣ ግሽ አባይ፣ ባህር ዳር